ቅይጥ ማሳ

ወታደሮቹ ሰከሩ። ጠጅ አልቀመሱ፣ ቮድካ አልደረሳቸው፤ የበሉት ዳቦ ብቻ ነበር። ጊዜው 1916 ነው፤ ዓመቱን ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር እንደምጠራ ከወዲሁ ያዙልኝ። ቦታው ፋርስ፣ የዛሬዋ ኢራን። እዚያ የሰፈረው የሩሲያ ጦር በዳቦ እየሰከረ ተቸገረ። ወታደሩ በልቶ ሲነሳ ምድር ይዞርበታል፣ ጉልበቱ ይከዳዋል። ነገሩን እንዲመረምር ከሞስኮ አንድ የእርሻ ምሁር ተጠራ፤ ዕድሜው ገና 30 አልሞላም።

ኒኮላይ ቫቪሎቭ ይባላል። በልጅነቱ ዓይኑ ላይ ጉዳት ስለደረሰበት ለውትድርና አልተፈለገም፤ ለዚህ ግን ተፈለገ። መጣ፣ አየ፣ መልሱንም እዚያው ከስንዴው ጋር ቆሞ አገኘው፤ እንክርዳድ ነው። የአገሬው ስንዴ ከእንክርዳድ ጋር በቅሎ፣ ከእንክርዳድ ጋር ታጭዶ፣ ከእንክርዳድ ጋር ተፈጭቷል። የእኛ አገር እናቶች ቢጠየቁ ኖሮ ከሞስኮ ድረስ ሰው ባላስጠሩ ነበር፤ ስንዴ ሲለቅሙ ያቺን ቀጭን ፍሬ ነጥለው የሚጥሏት እንደምታዞር ስለሚያውቁ አይደል? ቫቪሎቭ የአገሬው ዱቄት ለጦሩ እንዳይቀርብ አሳሰበ። የተጠራበት ጉዳይ በዚህ አለቀ።

እሱ ግን ወደ ቤቱ አልተመለሰም። ፈረስ አስጭኖ ወደ ፓሚር ተራሮች ሽቅብ ወጣ። እናላችሁ፣ ሲወጣ አንድ ነገር ዓይኑን ያዘው። ታች ቆላው ላይ ማሳው ስንዴ ነው፤ በመሃሉ እዚህም እዚያም ራይ የሚባለው እህል፣ ሩሲያውያን ጥቁር ዳቦ የሚጋግሩበት፣ ብቅ ብቅ ብሏል። የቆላው ገበሬ ይህን ራይ የሚያየው እንደ አረም ነው። ከፍ ሲል ራዩ በዛ። ይበልጥ ከፍ ሲል፣ ብርዱ ሲጠና፣ ስንዴው እየሳሳ ራዩ ማሳውን እየወረሰ ሄደ። ከዚያም በላይ ስንዴው ጠፋና ራይ ብቻ ቀረ፤ እዚያ ያለው ገበሬ አረም ነው አላለውም፣ አጭዶ በላው። ሩሲያን ስንት ዘመን ያበላው ክቡር እህል ከስንዴ ጋር ተደብቆ እንደ አረም ተራራ የወጣ ስደተኛ ኖሯል!

ይህ ሰው ሌላው ሰው ነቅሎ የሚጥለውን ማየት እዚያ ለመደ። ዕድሜውን ሁሉም አልተወውም።

እንግዲህ ስለ ትውልዱ ጥቂት ልበል። በ1887 ሞስኮ ተወለደ። አባቱ ከገበሬ መንደር መጥተው በጨርቅ ንግድ የከበሩ ሰው ነበሩ፤ ልጆቻቸው ሱቁን እንዲወርሱ ይፈልጉ ነበር፣ ነገር ግን ኒኮላይ ወደ እህል፣ ታናሹ ሰርጌይ ወደ ፊዚክስ ሄዱባቸው። ኒኮላይ በሞስኮ የእርሻ ትምህርት ቤት ተምሮ በ1913 ወደ እንግሊዝ ተሻገረ። እዚያ ዊልያም ቤትሰን ዘንድ ተማረ፤ ጄኔቲክስ የሚለውን ስም ለዚህ ሳይንስ ያወጣው ቤትሰን ነው። ያን ጊዜ መነኩሴው ሜንዴል በአተር ላይ ያገኘው የውርስ ሕግ ከተረሳበት ተቆፍሮ ከወጣ ገና አሥር ከምናምን ዓመቱ ነበር፤ ሁሉም ነገር ትኩስ ነበር።

ከፋርስና ከፓሚር መልስ በ1917 በቮልጋ ወንዝ ዳር በምትገኘው ሳራቶቭ መምህር ሆነ። ሳራቶቭ የምትለውን ስም ልብ በሉልኝ፤ እንመለስባታለን። አብዮቱ ፈነዳ፣ የእርስ በርስ ጦርነቱ ቀጠለ፣ እሱ ስንዴ ይዘራል። በ1920 በዚያችው ከተማ በተደረገ የምሁራን ጉባኤ ላይ ቆሞ አንድ ነገር ተናገረ። ነገሩ እንዲህ ነው፤ ቅርብ ለቅርብ የሚዛመዱ ዕፅዋት የሚለዋወጡት በዘፈቀደ ሳይሆን በተመሳሳይ መስመር ነው። የዳቦ ስንዴ ጢማም ዝርያ አለው፣ ጢም አልባም አለው። እንግዲያስ የአጎቱ ልጅ የሆነው ደረቅ ስንዴም፣ ማካሮኒ የሚሠራበት ማለት ነው፣ ጢም አልባ ዝርያ ሊኖረው ይገባል። አልታየም ማለት የለም ማለት አይደለም፤ ሄዶ መፈለግ ነው። አዳራሹ በጭብጨባ ተናጋ። ከተሰብሳቢው መሃል አንዱ፣ ባዮሎጂ የራሷን ሜንዴሌየቭ አገኘች ብሎ ጮኸ ይባላል፤ ሜንዴሌየቭ በሠንጠረዡ ውስጥ ገና ላልተገኙ ንጥረ ነገሮች ባዶ ቦታ ትቶ የጠበቀው ሰው ነውና።

ታዲያ ባዶ ቦታ ትቶ የሚጠብቅ ሰው መንገድ መውጣት አለበት። በ1921 የቮልጋ አገር በድርቅና በረሃብ ተመታ፤ ሰው በሚሊዮን አለቀ። በዚያው ዓመት ቫቪሎቭ ወደ ፔትሮግራድ፣ ኋላ ሌኒንግራድ ወደተባለችው ከተማ ተዛወረና የዕፅዋት ምርምር ተቋሙን ተረከበ። ሐሳቡ ቀላል፣ ሥራው ግን የሰው አቅም የሚበልጥ ነበር፤ በዓለም ያለውን የሰብል ዘር ሁሉ ከየአገሩ ሰብስቦ አንድ ቤት ማስቀመጥና ከእሱ ድርቅ የሚችል፣ ብርድ የሚችል፣ በሽታ የሚችል እህል ማውጣት። በ1924 አፍጋኒስታንን በፈረስ ዞረ። በ1926 ዝነኛ መጽሐፉን አወጣ፤ ሰብሎች ከየት እንደተገኙ የሚናገረውን። ሊቃውንቱ ሁሉ እርሻ የተጀመረው በታላላቆቹ ወንዞች ሜዳ፣ በአባይና በኤፍራጥስ ዳር ነው ሲሉ፣ እሱ አይደለም፣ ተራራውን እዩ አለ። የአንድ ሰብል ልዩ ልዩ ዓይነት ከሁሉ በላይ በዝቶ ተጨናንቆ የሚገኝበት ቦታ የዚያ ሰብል የትውልድ አገር ነው ብሎ አመነ። የአበሻ ተራሮችንም ከትውልድ ቦታዎቹ መሃል ጻፋቸው። እግሩ ግን ገና አልረገጣቸውም ነበር።

በ1927 መጀመሪያ ረገጣቸው። ከጅቡቲ በባቡር ወደ አዲስ አበባ ወጣ። የሶቪየት መንግሥትና ኢትዮጵያ ያን ጊዜ አንዱ በሌላው ዘንድ ኤምባሲ አልከፈቱም ነበር፤ ቫቪሎቭ ንጉሡን ከነቤተሰቡ ከፈጀ መንግሥት የመጣ፣ ብቻውን የሚጓዝ ሰው ነው። ዙፋኑ ላይ ንግሥት ዘውዲቱ አሉ፤ አልጋ ወራሹና እንደራሴው ራስ ተፈሪ መኰንን ናቸው። ራስ ተፈሪ ተቀበሉት። ቫቪሎቭ በጉዞ መጽሐፉ እንደተረከው፣ ስለ ሩሲያ ብዙ ጠየቁት፤ አብዮቱ እንዴት እንደሆነ፣ ቤተ መንግሥቱስ ምን እንደደረሰበት። ወገኖቼ፣ ጠያቂው ራሳቸው ዙፋን የሚጠብቁ ሰው ናቸው። ያ ውይይት ከተደረገ ከ47 ዓመት በኋላ የሆነውን እኛ እናውቃለን፤ በዚያ ክፍል ውስጥ ግን የሚያውቅ አልነበረም። ሊቁ ስለ ስንዴ የሚለውን አለ፣ የጉዞ ፈቃዱን አገኘ።

ከዚያ በበቅሎ ሲራራ ሰሜኑን ተያያዘው። ጎንደርን፣ አክሱምን አልፎ አስመራ እስኪገባ ወራት ፈጀ። በመንገዱ ሽፍቶች ገጠሙት፤ እሱ ራሱ ሲተርክ፣ በሻንጣው የቀሩትን ሁለት ጠርሙስ ኮኛክ ለሽፍቶቹ ሰደደላቸው ይላል። እነሱ ጠጥተው እንቅልፍ ሲጥላቸው ሲራራው በሌሊት ነጎደ። በፋርስ ወታደሮቹ ሰክረው የተጠራ ሰው እዚህ አስክሮ አመለጠ!

ሽፍታውን እንተወውና ወደ እህሉ እንምጣ። ቫቪሎቭ ያየው ነገር አስደነገጠው ብል አላጋነንኩም። የደረቅ ስንዴ ወገን የሆኑት፣ በየሴላቸው 28 ክሮሞዞም ያላቸው ስንዴዎች፣ በዚህች ጠባብ ምድር ያላቸው የዓይነት ብዛት በየትም አገር ካየው በለጠበት። ነጩ፣ ቀዩ፣ ሐምራዊው። አዎ፣ ፍሬው ሐምራዊ የሆነ ስንዴ፤ የእኛን ስንዴ ከሌላው ዓለም ስንዴ የለየው ይህ ቀለም ነው። ገብሱም እንዲሁ፤ ባለ ሁለት ረድፉ፣ ባለ ስድስት ረድፉ፣ ጥቁሩ፣ ነጩ። ከዚያ ደግሞ በሌላ አገር እንደ ዋና እህል የማይታወቀው ጤፍ፣ ኑጉ፣ ጎመንዘሩ፣ ዳጉሳው።

ሁሉም ለየብቻ ተዘርቶ ቢሆን ኖሮ መመዝገቡ በቀለለ። ግን አልነበረም። አንድ ገበሬ ከአንድ ጎተራ አውጥቶ በአንድ ማሳ የዘራው ስንዴ ውስጥ አጭሩም ረጅሙም፣ ቀዩም ነጩም፣ ጢማሙም መላጣውም አብሮ ቆሟል። በሰሜኑ አገር ደግሞ ገብስና ስንዴን ሆን ብሎ ደባልቆ የሚዘራ አለ፤ ሐንፈጽ ይሉታል። በገብሱና በአጃው መሃል ሲናሩ ያለ ሐፍረት ይበቅላል፤ ባለቤቱ አይነቅለውም፣ አብሮ ያጭደዋል። ከአውሮፓ የመጣ የእርሻ ባለሙያ ይህን ቢያይ ምን ይል ነበር? ኋላ ቀር፣ ያልተበጠረ፣ ንጹሕ ዘር የማያውቅ ይል ነበር፤ ያሉም ሞልተዋል። ፓሚር ላይ አረም ሰብል ሲሆን ያየው ሰው ግን ቆመና ቆጠረ።

በሰሜኑ ምድር፣ ወደ አክሱም አካባቢ፣ ከዚያ ቅይጥ መሃል አንድ ዛላ አገኘ። ደረቅ ስንዴ ነው። ጢም የለውም። ከሰባት ዓመት በፊት ሳራቶቭ ላይ ሊኖር ይገባል ብሎ ባዶ ቦታ የተወለት፣ አዳቃዮች በማዳቀል ሊያመጡት ሲደክሙበት የኖሩት ዝርያ፣ ስሙ ባልተጻፈ የኢትዮጵያ ገበሬ ማሳ ውስጥ ከጢማሞቹ ጋር ትከሻ ለትከሻ ቆሞ ነበር። እኔ ከዚህ ትረካ አንድ ቦታ ቆሜ ማየት ብችል ይህን ነው የምመርጠው፤ የሊቁን ደስታ ሳይሆን የገበሬውን ፊት። ፈረንጁ ለምን በአንድ ዛላ እንደፈነጠዘ ሳይገርመው አይቀርም።

ገበሬው ደባልቆ የሚዘራው ስላላወቀ አይደለም፤ ይህን የምለው ለወገን አድልቼ እንዳይመስላችሁ። በ2010 ኢትዮጵያ ውስጥ ቢጫ ዋግ የሚባል የስንዴ በሽታ ተነሳና ኩብሳ የተባለውን ምርጥ ስንዴ ፈጀው። ገበሬው ቢጫ ዋግ የሚችል ነው የተባለውን ዲገሉን ተቀበለ፤ ማሳ ከማሳ ዲገሉ ሆነ። በ2013 ሌላ ዋግ፣ የግንድ ዋግ፣ አዲስ ዓይነት ሆኖ መጣና ባሌና አርሲ ላይ ዲገሉን መታው። ወጥ ማሳ በምርት ይበልጣል፤ ይህን የሚክድ ውሸታም ነው። ሲመታ ግን የሚመታው በአንድ ጊዜ ነው። በቅይጡ ማሳ አንዱ በዋግ ሲወድቅ ሌላው ይቆማል፣ ዝናብ ሲያጥር የቀደመው ይደርሳል። አያቶቻችን ለዋግ ክሮሞዞም አልቆጠሩለትም፤ ልጆቻቸውን ግን በዚሁ አኑረዋል።

ወደ ሰውየው ልመለስ። ከኢትዮጵያ የሰበሰበውን ዘር በየእሽጉ ወደ ሌኒንግራድ ላከ። ከዚያ በኋላም አልተቀመጠም፤ ቻይና፣ ጃፓን፣ ኮሪያ፣ ሜክሲኮ፣ የደቡብ አሜሪካ ተራሮች። ሌሊት ጥቂት ሰዓት ይተኛል፣ ሕይወት አጭር ናት እንቸኩል ይላል። በ1940 ተቋሙ ውስጥ ወደ 250,000 የሚጠጋ የዘር ናሙና ነበር፤ ያን ጊዜ በዓለም የሚወዳደረው አልነበረም። በ1932 አሜሪካ ሲሄድ ሃሪ ሃርላን ቤት እራት በላ። ይህ ሃርላን እሱም ለገብስ ሲል በ1923 ኢትዮጵያ ድረስ የመጣ ሰው ነው። ማዕዱ ላይ ጃክ የሚባል ልጁ ተቀምጦ እንግዳውን በአድናቆት ያዳምጣል። ይህን ልጅ ኋላ እናገኘዋለን።

አሁን ሌላ ሰው ይግባ። ትሮፊም ሊሴንኮ፤ ከዩክሬን ገበሬ ቤት የተወለደ፣ ከንፈሩ የማይፈታ፣ ምኞቱ የማያልቅ። ዘርን አርሶ በቅዝቃዜ ካቆዩት ምርቱ ይጨምራል አለ። ቫቪሎቭ መጀመሪያ ላይ ይህን ወጣት አበረታታው፤ አዲስ ሐሳብ ያለው ሰው ሲያይ ዝም ብሎ ማለፍ አይሆንለትም ነበር። ኋላ ግን ሊሴንኮ ጂን የሚባል ነገር የለም፣ ተክል በአያያዝ ሌላ ይሆናል፣ ጄኔቲክስ የቡርዧ ሳይንስ ነው ማለት ጀመረ።

ለምን ተሰማ? የገበሬው መሬትና ከብት በግድ ለኅብረት እርሻ ተወስዶ፣ በ1932 እና 1933 ዩክሬንና ሌሎች የእህል አገሮች በረሃብ አልቀው፣ መንግሥት ፈጣን መልስ ይፈልግ ነበር። አዲስ ዝርያ ለማውጣት ከ10 ዓመት በላይ ይፈጃል ይላል ቫቪሎቭ፤ እውነቱን ነው። በ4 ወይም በ5 ዓመት አምጡ ይላል የመንግሥት ትእዛዝ። ሊሴንኮ ይቻላል አለ። በ1935 ሊሴንኮ በአንድ ትልቅ ስብሰባ ላይ ተቃዋሚዎቹን የመደብ ጠላት እያለ ሲናገር ስታሊን አጨበጨበለት። ከዚያ ወዲያ ክርክሩ ስለ እህል መሆኑ ቀረ። ያ ዘመን እንክርዳድ ነው የተባለ ሰው ሁሉ የሚነቀልበት ዘመን ነበር፤ ማን እንክርዳድ እንደሆነ የሚወስነው ደግሞ ለቃሚው ብቻ ነው።

ቫቪሎቭ ከእርሻ አካዳሚው ፕሬዚዳንትነት ወረደ፤ በ1938 ወንበሩ ላይ ሊሴንኮ ተቀመጠ። በ1939 ኤዲንብራ ላይ የተደረገው የዓለም የጄኔቲክስ ጉባኤ ቫቪሎቭን ፕሬዚዳንት አድርጎ መርጦት ነበር፤ እንዲሄድ አልተፈቀደለትም። በዚያው ዓመት ለባልደረቦቹ፣ ወደ እሳት ብንወረወርም ካመንበት አንመለስም የሚል ንግግር አደረገ። ብዙ ሰው ይህን ጀግንነት ብሎ ያወድሰዋል። እኔ የምደነቀው ግን ያንኑ ጊዜ የመስክ ጉዞ ዕቅድ ማውጣቱን አለማቆሙ ነው።

በነሐሴ 1940፣ በስድስተኛው ቀን፣ ቼርኒቭትሲ በምትባል የምዕራብ ዩክሬን ከተማ አካባቢ ዘር ሲለቅም ውሎ ሲመለስ፣ ጥቁር መኪና ቆሞ ጠበቀው። ሞስኮ በአስቸኳይ ትፈለጋለህ አሉት። ሄደ። ባልደረባው ባክቴየቭ የተረፈውን ጓዝ ሲያስተካክል ከረጢቱን ፈታው፤ ውስጡ በዚያ አካባቢ የለቀመው ጥንታዊ ስንዴ ነበር፣ የእኛ ገበሬ አጃ ለሚለው ስንዴ ዘመድ የሆነ። በመስክ የለቀመው የመጨረሻ ዘር እሱ ነው።

ምርመራውን የያዘው ኽቫት የሚባል መኮንን ነው። 400 ያህል ጊዜ ጠየቀው፤ ሰዓቱ ሲደመር ወደ 1,700 ይደርሳል። የእንግሊዝ ሰላይ ነህ፣ እርሻ አበላሽተሃል። በሐምሌ 1941 ደቂቃዎች ብቻ በፈጀ ችሎት ሞት ተፈረደበት። ባልደረቦቹም አልተረፉም፤ ራዲሽንና ጎመንን አዳቅሎ ዓለምን ያስገረመው ካርፔቼንኮ ተረሸነ፣ የጥራጥሬ ሊቁ ጎቮሮቭ ተረሸነ፣ የስንዴ ሊቁ ፍላክስበርገር እስር ቤት ሞተ።

ጀርመን ሞስኮን ሲቃረብ እስረኞቹ ወደ ምሥራቅ ተጋዙ። ቫቪሎቭን የወሰዱት ወዴት ይመስላችኋል? ሳራቶቭ። ያጨበጨቡለት ከተማ። እዚያ በጠባብ ክፍል ውስጥ ለእስረኞቹ ስለ ዕፅዋት ያስተምር ነበር። ገና ሞስኮ እስር ቤት ሳለም የዓለም እርሻ ታሪክ መጽሐፍ ጽፏል፤ መጽሐፉ ጠፍቷል። በ1942 የሞት ፍርዱ ወደ 20 ዓመት እስራት ተለወጠለት፤ ምግቡ ግን አልተለወጠም። ጥር 26 ቀን 1943 በእስር ቤቱ ሐኪም ቤት በረሃብ ሞተ። 55 ዓመቱ ነበር።

ሚስቱ ኤሌና ባሩሊና ራሷ ሊቅ ናት፤ ስለ ምስር የጻፈችው መጽሐፍ በሙያው ቁም ነገር ነው። ሳራቶቭ ላይ ተማሪው ነበረች። ጦርነቱ ሲመጣ ልጇን ዩሪን ይዛ ወደ ትውልድ ከተማዋ ሸሸች፤ ወደ ሳራቶቭ። ባሏ ሞስኮ ታስሯል ብላ ከሌላት ላይ እየቀነሰች ስንቅ ወደ ሞስኮ ትልክ ነበር። እሱ በዚያችው ከተማ እስር ቤት ይራባል። አልነገሯትም።

ሌኒንግራድ ደግሞ ከመስከረም 1941 ጀምራ ተከባለች። ተረት ቢሆን ኖሮ፣ አፌን በዳቦ አብሱ ብዬ እዚህ ላይ ማረፍ ይቻል ነበር፤ በዚያች ከተማ በዚያ ክረምት ለሠራተኛ ላልሆነ ሰው የቀን ድርሻው 125 ግራም ዳቦ ነበር፣ እሱም ግማሽ ያህሉ ምን እንደሆነ የማይታወቅ። የቫቪሎቭ ሰዎች በቅዱስ ይስሐቅ አደባባይ ባለው ቤታቸው ከቶን በቶን ዘር ጋር ተቀመጡ። ሩዝ አለ፣ ስንዴ አለ፣ ኦቾሎኒ አለ፤ ከኢትዮጵያ የመጣው ስንዴና ገብስም እዚያው መደርደሪያ ላይ ነው። አይጡን እያባረሩ፣ ሌባውን እየጠበቁ፣ አንድ ሰው ብቻውን ከዘሩ ጋር እንዳይቀር ተፈራረቁ። የድንች ክፍሉ ሰዎች፣ አብርሃም ካመራዝና ኦልጋ ቮስክረሰንስካያ፣ ከከተማ ውጭ ፓቭሎቭስክ ካለው ማሳ መድፍ እየተተኮሰ ድንቹን ነቅለው አምጥተዋል፤ ምድር ቤት አስቀምጠው እንዳይበርድበት ያገኙትን ሁሉ አነደዱለት።

የሩዝ ሊቁ ዲሚትሪ ኢቫኖቭ በረሃብ ሞተ፤ በሺህ የሚቆጠሩ የሩዝ እሽጎች ሳይነኩ ተገኙ። የኦቾሎኒው ሊቅ ሽቹኪን በጠረጴዛው ላይ ሞተ። የሲናሩ ወገን ሊቅ ሮዲና ሞተች። ስማቸውን ሁሉ አልጨርሰውም። አለቃቸው የሕዝብ ጠላት ተብሎ ተወስዷል፣ የት እንዳለ አያውቁም፤ የሚጠብቁት ዘር በሊሴንኮ ሚዛን የማይረባ ነው። ከነዚህ ሰዎች የተረፈ አንዱ፣ ቫዲም ሌክኖቪች፣ ኋላ ሲጠየቅ ዘሩን አለመብላት ከባድ አልነበረም ብሏል፤ መራመድ፣ ጠዋት ከአልጋ መነሳት ነበር ከባዱ።

ከዚያ በኋላ ያለው ፈጥኖ ይነገራል። ወንድሙ ሰርጌይ በ1945 የሶቪየት ሳይንስ አካዳሚ ፕሬዚዳንት ተደርጎ ተሾመ፤ የተገደለው ሰው ወንድም ለገዳዮቹ እየፈረመ ኖረ። በ1948 ጄኔቲክስ በአዋጅ ተከለከለ። በ1955 ቫቪሎቭ ጥፋት እንዳልነበረበት ፍርድ ቤት አስታወቀ። በ1967 ተቋሙ በስሙ ተጠራ።

ያ ማዕድ ላይ የተቀመጠው ልጅ፣ ጃክ ሃርላን፣ አድጎ ታላቅ የሰብል ሊቅ ሆነና የቫቪሎቭን ሐሳብ ነቀፈው። ብዝኃነት ያለበት ሁሉ የትውልድ ቦታ አይደለም አለ። ልክም ነበር። የስንዴና የገብስ የዱር ዘመዶች ያሉት በመካከለኛው ምሥራቅ እንጂ በኢትዮጵያ ተራሮች አይደለም፤ ሁለቱም ወደ እኛ የመጡ እንግዶች ናቸው፣ እኛ ዘንድ ወልደው ከብደው እንጂ። ጤፍና እንሰት ግን የቤት ልጆች ናቸው። የቫቪሎቭ ካርታ ተሻሻለ፤ የለቀመው ዘር ግን ማረሚያ አላስፈለገውም። ከኢትዮጵያ ገብስ የተገኘ አንድ ጂን የካሊፎርኒያን ገብስ ቢጫ ከሚያደርገው ቫይረስ አድኖታል፤ ገበሬው ደባልቆ ባያቆየው ከየት ይመጣ ነበር?

በ1976 በጀርመን እርዳታ አዲስ አበባ ላይ የዘር ባንክ ተቋቋመ። በ1979 አመራሩን የተረከቡት ዶክተር መላኩ ወረደ ናቸው። የ1984ቱ ረሃብ ሲመጣ ገበሬው የዘሩን እህል በላ፤ ልጅ እየሞተ ዘር የሚያስቀምጥ ወላጅ የለም፣ ሌኒንግራድን አንስቶ የሚወቅሰውም ካለ ልጅ ያልወለደ ነው። ዶክተር መላኩና ባልደረቦቻቸው ነባሩ ዝርያ እንዳይጠፋ ከየአውራጃው እየለቀሙ አስቀመጡ። በኋላም ባንክ ውስጥ የተቆለፈ ዘር እየደከመ እንደሚሄድ ስላወቁ ወደ ማሳው መለሱት፤ ወሎና ሸዋ ላይ ገበሬው ራሱ የሚያስተዳድረው የዘር ጎተራ እንዲኖረው አደረጉ። ለዚህ ሥራ በ1989 አማራጭ ኖቤል የሚባለውን ሽልማት ተቀብለዋል። እንዲህ ባለው ጎተራ ዘር ያጠረው ገበሬ በዘር ጊዜ ይበደራል፤ አውድማው ሲነሳ ጥቂት ጨምሮ ይመልሳል።